መቀሱ ከኦርኪዱ ሥር ይራቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፦

በከተማችን በጅማ ኦርኪድ የተባለው የአበባ ተክል በየበረንዳው፣ በየሆቴሉ መግቢያና በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ሥር መታየት ከጀመረ ወዲህ አንድ ስህተት አብሮ እየተለመደ ነው፤ ከማሰሮው ጠርዝ አልፈው የሚንጠለጠሉትን ረጃጅም ሥሮች «ይሄ ምኑን ያንጨባረረዋል» እያሉ በመቀስ መከርከም። ቆራጩ ክፉ አስቦ አይደለም። ጽጌረዳ ሲገረዝ እንደሚያምርበት ሁሉ ኦርኪድም የሚያምርበት መስሎት ነው። ጉዳቱ ወዲያው ስለማይታይ ደግሞ መቀሱን የሚጠረጥር የለም። ቅጠሉ የሚሸበሸበው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያኔ «ውሃ ጠምቶት ነው» ተብሎ ይጨመርለታል፣ በማሰሮው ውስጥ የቀረው ሥርም በዚያው ይበሰብሳል። ይህን የምንጽፈው እዚሁ ጅማ ኦርኪድ የምናለማ ሰዎች ነን፤ ቦታ ቢሰጠን ነገሩን ከነዝርዝሩ ማስረዳት እንወዳለን።

በገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ኦርኪድ ፋላኖፕሲስ የሚባለው ነው። ትውልዱ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሞቃትና እርጥብ ደን ነው፤ እዚያ የሚኖረው አፈር ውስጥ ሳይሆን የዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ላይ ተለጥፎ ነው። እንደ ተቀጽላ የዛፉን ምግብ አይመጥም፤ ዛፉ መቀመጫው ብቻ ነው። ውሃውን ከዝናብና ከጉም፣ ምግቡን ቅርፊት ላይ ከሚጠራቀመው ብናኝና ብስባሽ ያገኛል። ይህን ሁሉ የሚሠራለት ሥሩ ነው። ሥሩን ከውጭ የሸፈነው ቬላሜን የተባለው ነጣ ያለ ልባስ ነው፤ ባዶ በሆኑ የሞቱ ሕዋሳት የተሠራ፣ በትክክል ሰፍነግ ማለት ነው። ውሃ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ጠጥቶ ይይዛል፣ ከዚያ ወደ ውስጠኛው ሥር ቀስ እያለ ያሳልፋል። ደርቆ ሳለ ብርማ ነጭ የሚመስለው ሥር ሲርስ አረንጓዴ የሚሆነው ልባሱ ውሃ ሲሞላ ብርሃን ስለሚያሳልፍና ከልባሱ በታች ያለው አረንጓዴ ስለሚታይ ነው። አዎ፣ ሥሩ እንደ ቅጠል አረንጓዴ አለው፤ በብርሃንም ምግብ ይሠራል።

ይህን ለማመን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጅማ ዙሪያ ባለው የቡና ጫካ፣ ቡናውን በሚያጠሉት በሰሳና በዋንዛ ዛፎች ላይ ቀና ብሎ ያየ ሰው የአገራችንን ኦርኪዶች ያገኛል። ኤራንጊስ የሚባለው ወፈር ያሉ ግራጫ ሥሮቹን ቅርፊቱ ላይ ዘርግቶ ይኖራል። ከሁሉ የሚገርመው ማይክሮሲሊያ ነው፤ በአገራችንም የሚበቅል ሲሆን ቅጠል የሚባል ነገር የለውም። ከሩቅ የተጣለ የሽቦ ጥቅል የሚመስል የሥር ክምር ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ያብባል፣ ዘር ይሰጣል። ምግቡን ሁሉ የሚሠራው በሥሩ ነው። እንግዲህ ሥር ቆራጩ ማይክሮሲሊያ ቢያገኝ ምን ያስቀርለት ይሆን?

አሁን ወደ ማሰሮው እንመለስ። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት በሕይወት ያለውን ከሞተው መለየት ነው፤ መቆረጥ ያለበት የሞተው ብቻ ነውና። ቀለም ብቻውን ያሳስታል። ብርሃን ያላገኘ፣ ማሰሮ መሃል የኖረ ሥር ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። አየር ላይ የኖረም ሸብሸብ ብሎ፣ ሸካራ ሆኖ በሕይወት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በጣት ይዳሰስ። በሁለት ጣት መሃል ቀስ ተብሎ ሲጫን ጠንከር ብሎ የሚመልስ ከሆነ ሕያው ነው። ባዶ ቱቦ ሆኖ ጠፍ የሚል፣ ወይም ሲነካ ቡናማ ውሃ የሚያወጣ፣ ወይም ልባሱ እንደ ካልሲ ወልቆ መሃሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ የሚቀር ከሆነ ሞቷል። ጣት ካላረጋጋ ሥሩን በውሃ አርሶ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ሕያው ከሆነ ቢያንስ በከፊል አረንጓዴ ይላል፤ የሞተ ግን እንደ ወረቀት ነጭ ወይም እንደ ገለባ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ግማሹ ሞቶ ግማሹ ጤነኛ የሆነም አለ። እንዲህ ያለው ከሞተው በኩል፣ ከጤነኛው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይቆረጣል።

የሥሩ ጫፍ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። እያደገ ያለ ጫፍ ከአንድ እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ድረስ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ አንዳንዴም ወይን ጠጅ ነው፤ ልባሱ ገና አልሸፈነውም። ዕድገቱ ያለው እዚያች ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ ከተሰበረች ያ ሥር በርዝመት አያድግም። ዕድል ከቀናው ከተሰበረበት ወደ ኋላ ገባ ብሎ ጎን ሥር ያወጣል፤ ወራት ግን ይፈጃል። በመጥረጊያ፣ በመጋረጃ፣ በልጅ እጅ የምትሰበረው ይህችው ጫፍ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ያለውን ወደ 350 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ በመኪና ለሚጓዝ ኦርኪድ የምንመክረው ከመነሳቱ በፊት ሥሩን በደንብ አርሶ፣ ላዩን አድርቆ፣ በጋዜጣ ልል አድርጎ መጠቅለል ነው። የረሰረሰ ሥር ይተጣጠፋል፤ የደረቀ ይሰበራል።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ጥፋት ጠቆም አድርገን እንለፍ። ሥር ነው ተብሎ የአበባ ዘንግ የሚቆረጥበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ከቅጠሎቹ መሃል ስለሚወጡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይመሳሰላሉ። የሥር ጫፍ ክብና ለስላሳ ነው፤ የአበባው ዘንግ ጫፍ ግን ጠፍጠፍ ያለ፣ ጣት አልባ ጓንት ያጠለቀ የሕፃን እጅ የመሰለ ነው፤ ትንሽ ሲረዝምም አንጓ ያወጣል። ካልለየ አምስት ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ይጠበቅ።

ሥር ለምን ወደ ውጭ ይበዛል? አንደኛው ምክንያት ተፈጥሮው ነው። ጅማ ላይ ከግንቦት እስከ መስከረም አየሩ እርጥብ ስለሆነ ኦርኪዱ ደን ውስጥ ያለ ይመስለዋል፤ ሥሩን ወደ አየር ይለቃል። ቅጠሉ ጠንካራ፣ ወደ ላይ የቆመ ሆኖ ውጭ አምስት ስድስት ሥር ቢንጠለጠል በሽታ አይደለም፤ ይልቁንም የተመቸው ነው። ሁለተኛው ግን አደገኛው ነው። ማሰሮው ውስጥ በአፈር ፋንታ የተሞላው የዛፍ ቅርፊት አርጅቶ እንደ ቡና አተላ ደቅቆ ከሆነ፣ ወይም መሃሉ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ፣ ውስጠኛው ሥር አየር አጥቶ ይሞታል፤ ተክሉም ከሞት ለማምለጥ አዳዲስ ሥር ከላይ ይልካል። የሁለቱ መለያ ቅጠሉ ነው። ሥር ወደ ውጭ በዝቶ ቅጠሉ ደግሞ ለስልሶ፣ በርዝመቱ ተሸብሽቦ ከታየ ውስጡ በስብሷልና ማሰሮው ይገልበጥ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ኦርኪድ በሕይወት ያለው በእነዚያ በውጭ ባሉ ሥሮች ብቻ ነው። መቀሱ የሚያርፈው ደግሞ በእነሱው ላይ ነው።

በቅርቡ የተገዛ ከሆነ መሃሉን መፈተሽ ይጠቅማል። በብዙዎቹ ከችግኝነታቸው ጀምሮ በግንዳቸው ግርጌ የተጠቀጠቀ ሰፍነግ መሳይ የረግረግ ተክል አለ፤ ስፋግነም ይባላል። ዳሩ ላይ ያለው ቅርፊት ደርቆ ሳለ ይህ እምብርት ለሳምንታት ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ከላይ አይታይም። የእርሳስ ያህል የቀርከሃ ስንጥር ወደ መሃል ሰክቶ ከሩብ ሰዓት በኋላ ማውጣት ነው፤ እርጥብ ሆኖ ከወጣ ውሃ አይጨመርም። አበባው እንደረገፈም ያ እምብርት በጣትና በስንጥር ተለቅሞ ይወጣል።

«እሺ፣ አንቆርጠውም፤ ግን ጠምዝዘን ማሰሮው ውስጥ ብንከተውስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። እንዲሁ በደረቁ ገፍቶ መክተት ከመቁረጥ ብዙም አይሻልም። በመጀመሪያ ይሰበራል፤ ሲሰበር ድምፁ ይሰማል። ሁለተኛ፣ አየር ላይ ተወልዶ ያደገ ሥር ቶሎ ቶሎ ርሶ ቶሎ ለመድረቅ የተሰናዳ ነው፤ ድንገት እርጥብ ጨለማ ውስጥ ሲቀበር ልባሱ ውሃ እንደያዘ ይቀርና ይሸታል። ማሰሮ ውስጥ የሚገባበት ትክክለኛ ጊዜ ማሰሮ ሲቀየር ነው፤ ያኔም ሁሉም ካልገባ ብሎ ሙግት የለም።

ማሰሮ በየሁለት ዓመቱ ግድም ይቀየራል። ለጅማ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ያለውን እንመርጣለን፤ ሌሊቱ ሞቅ ብሏል፣ ዝናቡ ጀምሯል፣ አዳዲስ ጫፎችም ብቅ ማለት ይጀምራሉ። አበባ ላይ ያለ ተክል እስኪያረግፍ ይታገሡት፤ ውስጡ የበሰበሰ ከሆነ ግን አበባውን ሠውቶ ወዲያው መቀየር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተክሉ ከነማሰሮው፣ ውጭ ያሉት ሥሮች ጭምር እንዲጠልቁ ተደርጎ፣ ለብ ያለ ውሃ ባለበት ባልዲ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይነከራል። ሥሮቹ በሙሉ አረንጓዴ ሳይሆኑ አይወጣም፤ ቸኩሎ ማውጣት የመሰበር ዋናው ምክንያት ነው። ማሰሮው ፕላስቲክ ከሆነ ጎኑን ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ ማላቀቅ፣ እምቢ ካለ ማሰሮውን መቅደድ። ሸክላ ከሆነ ሥሩ ጭቃው ላይ ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል፤ ጠፍጣፋ ቀጭን ቢላዋ በሸክላውና በሥሩ መሃል እያሾለኩ ማላቀቅ ነው። አሮጌው ቅርፊት ይራገፋል፣ ሥሩ በውሃ ይታጠባል፣ የሞተው ይቆረጣል። መቀሱ ከእያንዳንዱ ተክል በኋላ በእሳት ነበልባል ይለብለብ፤ ወይም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ አሥር ደቂቃ ማቆየትና ማለቅለቅ ይቻላል። የኦርኪድ የቫይረስ በሽታ ከተክል ወደ ተክል በአብዛኛው የሚሻገረው ባልጸዳ መቀስ ነው፤ መድኃኒትም የለውም። የተቆረጠው አፍ ላይ የቀረፋ ዱቄት ነካ ማድረግ ይቻላል፤ ጤነኛ ሥር ላይ ከተበተነ ግን ያደርቀዋልና ቁርጡ ላይ ብቻ።

አዲሱ ማሰሮ የሥሩን ክምር ይዞ ዙሪያውን ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ ይሁን። ለአብዛኛው ፋላኖፕሲስ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል። «ሥሩ ስለበዛ ትልቅ ማሰሮ እንስጠው» የሚለው ብልሃት ያከስራል፤ ትልቅ ማሰሮ መሃሉ አይደርቅም። ተክሉ በእጅ ተይዞ እንደ ብሎን እየተጠመዘዘ ወደ ታች ሲገባ ረጃጅሞቹ ሥሮች የማሰሮውን ግድግዳ ተከትለው ራሳቸው ይጠቀለላሉ። በዚህ አኳኋን ያለ ግፊት የገባው ይገባል፤ ያስቸገረው ውጭ ይቀራል። ከግንዱ ላይኛው ክፍል፣ ከጠርዙ አምስት ሴንቲ ሜትር በላይ የወጣውን ወደ ታች ማጉበጥ አይገባም፤ ከግንዱ ጋር ከተገናኘበት ቦታ ይገነጠላል። የታችኛው ቅጠል መነሻ ከማሰሮው ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን፤ ከተቀበረ ግንዱ ይበሰብሳል። ቅርፊቱ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ማሰሮው በመዳፍ መታ መታ ይደረጋል፣ ክፍተቱም በስንጥር ይሞላል። ተክሉ ከተነቃነቀ አዲሱ ሥር ጫፉ እየተፋቀ ይሞታልና በስንጥር ደግፎ ማሰር ግድ ነው። ከዚያ አራት አምስት ቀን ውሃ አይጠጣም፤ ቁስሉ ይድረቅ። በእነዚያ ቀናት ውጭ የቀሩት ሥሮች ብቻ ጠዋት ጠዋት ይረጫሉ።

ቅርፊቱን በተመለከተ ጅማ ሆነን የምናገኘውን እንናገር። የፓቱላ ጥድ ቅርፊት ከጣውላ መሰንጠቂያ የሚጣል ነው። ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር እየተደረገ ይቆራረጣል፣ ግማሽ ሰዓት ይቀቀላል፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን በንጹሕ ውሃ ይዘፈዘፋል። ያልተዘፈዘፈ ደረቅ ቅርፊት ውሃን ያንሸራትታል እንጂ አይጠጣም። በጣሳ ቢለካ ስድስት ጣሳ ቅርፊት፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ሦስት ጣሳ ከሰል፣ አንድ ጣሳ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ከሰሉ አመዱና ብናኙ እስኪለቅ ይታጠብ። የባሕር ዛፍ ልጥ አይሆንም፤ እየተጠቀለለ ይተኛል፣ ለሌላ ተክል የማይመች ንጥረ ነገርም አለው።

የቡና ገለባስ? ጅማ ላይ ይህ ጥያቄ አይቀርምና መልሱ ቁርጥ ያለ ይሁን፤ ለማሰሮ ኦርኪድ አይሆንም። ኮምፖስት ያልሆነ ገለባ እየተብላላ ይሞቃል፣ በወራት ውስጥ ወደ ጭቃነት ይለወጣል፣ ካፌይኑም ሥር ሊጎዳ ይችላል። ለአትክልት ቦታ ኮምፖስት ግን ግሩም ነው። ከቡናው ለኦርኪድ የሚሆነው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም እንጨቱ። ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚወድቀው ግንድ ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይበሰብስም፣ ቅርፊቱም ሥር ይይዝበታል። አውራ ጣት የሚያህል፣ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ከማሰሮው ጎን ይተከልና ውጭ የቀረው ሥር ርሶ ሳለ ወደሱ ይጠጋል። በቃጫ ልል ተደርጎ በሁለት ቦታ ይታሰራል፤ ከጫፉ ሦስት ሴንቲ ሜትር ራቅ ተብሎ። ናይለን ገመድና ሽቦ ሥሩን ይቆርጡታል። ቃጫ ግን ሥሩ እንጨቱን እስኪይዝ ይቆይና ከጊዜ በኋላ ራሱ በስብሶ ይወድቃል። በዚህ መልክ የተያዘ ሥር «የተንጨባረረ» አይመስልም፤ ለዓይንም ደስ ይላል።

መስኮት አጠገብ የሚቀመጥ ኦርኪድ ሥሩን በብረት ፍርግርግ ላይ እንዳያስኬድ መጠበቅ ነው። ብረቱ ከሰዓት በኋላ በፀሐይ ሲግል የነካውን ሥር ያበስለዋል። ግድግዳ ወይም የቤት ዕቃ ላይ ተጣብቆ የተገኘ ሥር በደረቁ አይጎተት። ለሩብ ሰዓት እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎበት፣ ክር በሥሩና በግድግዳው መሃል እየሳቡ ማላቀቅ ይቻላል።

ሸክላ ለሚመርጡ፣ ሠሪዎቹ ጭቃው ሳይተኮስ ጎኑን ጣት በሚያስገባ ስምንት አሥር ቀዳዳ እንዲበሱት አስቀድሞ ማዘዝ ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ማሰሮ ለሚፈልግ ደግሞ ባለ ሁለት ሊትር ባዶ ሃይላንድ ከታች 14 ሴንቲ ሜትር ላይ ተቆርጦ፣ በጋለ ምስማር ታቹ ስምንት ቦታ ጎኑ ደግሞ አሥራ ሁለት ቦታ ተበስቶ ለትንሽ ተክል ይበቃል። ጥቅሙ የሥሩ ቀለም ከውጭ መታየቱ ነው፤ ብርማ ከሆነ ውሃ፣ አረንጓዴ ከሆነ ትዕግሥት።

ውሃ አጠጣጡ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጅማ ሰማይ ጋር ይሂድ። በክረምት ቤት ውስጥ ላለ ኦርኪድ በአሥር ቀን አንዴ ማሰሮውን አሥር ደቂቃ መንከር ይበቃዋል፤ የአየር ሥሮቹን መርጨትም አያስፈልግም፣ አየሩ ራሱ ያርሳቸዋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን ቀኑ ደረቅ ነው፣ የአየር ሥሮቹ ጫፍ ይከደናል፣ ይሸበሸባሉ። ያኔ ማሰሮው በየአምስት ስድስት ቀኑ ይነከራል፤ የተንጠለጠሉት ደግሞ በየሁለት ቀኑ ከጠዋቱ ሁለትና ሦስት ሰዓት ላይ አረንጓዴ እስኪሉ ይረጫሉ። ረጅም ከሆኑ ማሰሮ አጠገብ በቆመ ማንቆርቆሪያ ውስጥ አሥር ደቂቃ ነክሮ ማውጣት ከመርጨት ይሻላል። ማታ መርጨት ክልክል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ፋላኖፕሲስ ደግሞ ከ15 በታች አይመቸውም። ብርድና ውሃ ሲገናኙ የቅጠሎቹ እምብርት ይጠቁራል፤ ከዚያ ወዲያ ማትረፍ ከባድ ነው። በእነዚያ ወራት በረንዳ ላይ አይደር። ሥሩን በእርጥብ ጥጥ ጠቅልሎ መተው፣ በፌስታል መሸፈን፣ ጫፉን ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ሁልጊዜ ማኖር፣ ሁሉም መጨረሻቸው ብስባሽ ነው።

ውሃው የዝናብ ቢሆን ምንኛ ጥሩ። በዝናብ የታደልን ነን። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚጠራቀም ከሆነ የመጀመሪያው ወረድ ወረድ ያለው ይደፋ፤ ጣሪያው ገና አዲስ ከሆነ ደግሞ ዚንክ ስለሚለቅ ከእሱ የተቀዳውን አለመጠቀም ነው። ማዳበሪያ በሚመለከት፣ ለእርሻ የሚበተነው ዩሪያና ኤንፒኤስ ማሰሮ ውስጥ አይገባም፤ ፍሬው ያረፈበት ሥር ጫፉ ጠቁሮ ይቀራል። በውሃ የሚሟሟ የአበባ ማዳበሪያ ካለ፣ ማሸጊያው በሊትር ሁለት ግራም ካለ ግማሽ ግራም ብቻ፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ ሥሩ አስቀድሞ ከረሰረሰ በኋላ። በወር አንዴ በንጹሕ ውሃ ብቻ ማጠብ የተጠራቀመውን ጨው ያወጣል።

በክረምት የሥር ጫፍ ሰው ሳይነካው ተቆርጦ ከተገኘ ጥፋተኛው ቀንድ አውጣ ነው። ያቺን ለስላሳ ጫፍ ከምንም አብልጦ ይወዳታል። ጫፉ እንደተላጨ ይሆናል፣ አጠገቡም የሚያብለጨልጭ የዝልግልግ ፈለግ ይታያል። ከምሽቱ ሁለት ሦስት ሰዓት በባትሪ እየፈለጉ መልቀም፣ ወይም ሲመሽ የድንች ቁራጭ አስቀምጦ ጠዋት ከሥሩ የተሰበሰቡትን ማስወገድ ይቻላል። ማሰሮውን መስቀል ከሁሉ ይሻላል። ሥሩ ከግንዱ በተገናኘበት ጥግ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ከታየ ደግሞ ተባይ ነው፤ 70 በመቶ አልኮል በነካ ጥጥ ይጠረጋል፣ የሥሩ ጫፍ እንዳይነካ ተጠንቅቆ። ጉንዳን ተክሉ ላይ ከተመላለሰ ተባዩ እንዳለ ይጠርጠር።

ያረጀ ፋላኖፕሲስ የታች ቅጠሎቹን እያረገፈ ግንዱ ይረዝማል፣ ሥሮቹም ሁሉ ከማሰሮው በላይ ይቀራሉ። መቀስ በእርግጥ የሚያስፈልገው ይሄኔ ነው፤ የሚቆረጠው ግን ሥሩ ሳይሆን የታችኛው ግንድ ነው። በላይኛው ክፍል ቢያንስ አራት ጤነኛ፣ ከአሥር ሴንቲ ሜትር የማያንሱ ሥሮች ካሉ፣ ከእነሱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ግንዱ ይቆረጣል፣ ቁርጡ ላይ ቀረፋ ይደረጋል፣ አንድ ቀን ይደርቅና ከላይ በተባለው መንገድ ዝቅ ብሎ ይተከላል። ሥሩ ከአራት ካነሰ አንድ ክረምት ማሳለፍ ነው።

ስለ ሌሎቹ የኦርኪድ ዓይነቶች በአጭሩ፦ ዴንድሮቢየም ከአገዳው ላይ ከነሥሩ ልጅ ያወጣል፤ የልጁ ሥር ከአምስት ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ለይቶ መትከል ይቻላል። ቫንዳ ሥሩ ከአንድ ሜትር በላይ ሊንጠለጠል የሚችል ነው፤ እሱን ማሰሮ ውስጥ ማስገባት ጭራሽ አይታሰብም፣ በጋውን ግን በየቀኑ መርጨት ይጠይቃል። ሲምቢዲየም ሥሩ ወደ ላይ ገፍቶ ከወጣ ማሰሮው ጠቦታል ማለት ነው፤ ተክሉ ለሁለት ይከፈል።

በመጨረሻ የጫካውን ኦርኪድ ነቅሎ ማሰሮ ውስጥ የሚከት ሰው ስላለ ይህን እንድንል ይፈቀድልን። የዛፍ ላይ ኦርኪድ ሥር ቅርፊቱን በነካበት በኩል በደቃቃ ፀጉሮች ተጣብቋል። ሲነቀል ልባሱ ዛፉ ላይ ይቀራል፣ ሰውየው ይዞት የሚሄደው እርቃኑን የወጣ ክር ነው፤ ለዚህ ነው ማሰሮ ውስጥ የማይቆየው። የኦርኪድ ዝርያ በሙሉ፣ ሳይቲስ በተባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ ቁጥጥር የሚደረግበት መሆኑም አይዘነጋ። በቡና እርሻ ጥላ ዛፍ ሲመለመል ከነኦርኪዱ የወደቀ ቅርንጫፍ ያገኘ ገበሬ ግን ሊያድነው ይችላል። ኦርኪዱን ከእንጨቱ አያላቅቀው፤ ሥሩ ካለቀበት ከሁለቱም ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል አስተርፎ ቅርንጫፉን ይቁረጠው፤ ከዚያ ተመሳሳይ ጥላ ባለው ሌላ ዛፍ ላይ፣ ቀድሞ ወደ ላይ የነበረው ጎን ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ፣ በቃጫ ጠበቅ አድርጎ ይሰረው። ይህ ከክረምቱ በፊት ከተደረገ ሥሩ አዲሱን ዛፍ ፈልጎ ለመያዝ ጊዜ ያገኛል።

ከአክብሮት ጋር
ኦርኪድ የምናለማ የጅማ ነዋሪዎች